አንድ ቀን እንጨምር

ኦክላንድ፣ ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? በረዶው ሲወርድ ድልድዩ ያዳልጣል ብለሽን ነበርና ጠዋት ጠዋት ሱቅሽን ልትከፍቺ ስትወጪ ይታየኛል። ደረጃ ስወጣ ያመኛል ያልሽው ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጅሽስ ከውትድርናው ፈቃድ አግኝቶ ለበዓል መጣልሽ ወይ? እኛ አምላክ ይመስገን በጤና አለን። ባለቤቴ ጋሻው ከታክሲው ጋር ሲሮጥ ይውላል። ልጄ ፅጌረዳ በቁመት ልትደርስብኝ ምንም አልቀራት፤ በአማርኛ አናግራታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። አባባም ደህና ነው። ስለ እሱ ግን ብዙ የምነግርሽ አለ።

«እንደ ደረሳችሁ ጻፉልኝ» ብለሽ አድራሻሽን ስትሰጪኝ፣ ሳልውል ሳላድር እጽፋለሁ ብዬሽ ነበር። ይኸው ገናም ጥምቀትም አለፈ። ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። «በሰላም ገባን፣ ስለ መስተንግዶሽ እግዜር ይስጥልን» ብዬ ልዘጋው እችል ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደግሞም አንቱ ልበልሽ ወይስ አንቺ እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። ቤትሽ ሳለን «አንቱ አትበይኝ፣ አረጀሁ እንዴ!» ብለሽ ስቀሽብኝ የለ? በዚያው ልቀጥል።

ዛሬ ኦፍ ነኝ። ከሆስፒታሉ ማዕድ ቤት ማንም አይጠራኝም። ጋሻው ሥራ ላይ ነው፣ ፅጌረዳ ትምህርት ቤት ናት፣ አባባ ሊንሸራሸር ወጥቷል። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ። ማዕድሽ ላይ ሳለን «መንገድ እንዴት ነበር?» ብለሽ አባባን ጠይቀሽው «ጥሩ ነበር» ብሎ ነው ያለፈው። እስከ በርሽ ድረስ እንዴት እንደ መጣ ካላወቅሽ የቀረው አይገባሽም።

አባባ እዚህ የመጣው እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። ለሱ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር ያመጣሁት። ዕድሜውን በሙሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በወጣትነቱ ድሬዳዋ፣ ኋላ ለገሃር። እዚህ ኦክላንድ ወደቡ አጠገብ ባቡር በመንገዱ መሀል፣ ከመኪናው ጋር እየተጋፋ ያልፋል። አባባ ይህን ያየ ዕለት «ይሄ አገርስ ይገባኛል» አለ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው በባቡር ነው። ባርት የሚባለውን የከተማ ባቡር ይሳፈርና እስከ መጨረሻው እስከ ፍሪሞንት ሄዶ ይመለሳል። «ምን አየህ?» ስለው «ምንም። ሄድኩ፣ መጣሁ» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ጋሽ ባህረዲን የሚባሉ ሽማግሌ ከሳን ሆዜ ሊጠይቁት መጡ። ድሬዳዋ አብረው የሠሩ የወጣትነት ባልንጀራው ናቸው፤ እዚያ ልጃቸው ዘንድ መኖራቸውን የሰማነው ገና በቅርቡ ነበር። ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ሲሳሳቁ ቆዩ። በኋላ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ሻይ ይዤ ስወጣ ዝም አሉ። ጋሽ ባህረዲን ከሄዱ በኋላ አባባ ራቱን አልበላም። እኔ የድሮ ጓደኛ ሞት ነግረውት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ጥቂት ሰንብቶ «አውሮፓን በባቡር ማየት አማረኝ» አለኝ። «ቀስ ብዬ፤ በየከተማው እየወረድኩ፣ እየተሳፈርኩ። ያን ሁሉ ዘመን ባቡር ላይ ሰው ስሸኝ ኖርኩ፤ እስቲ እኔም አንድ ጊዜ ልሸኝ።» ጋሻው ይህን ሲሰማ «ሽማግሌ አምሮት አይቅርበት፣ ሂዱ» አለ፤ እኔም የተጠራቀመ ቫኬሽኔን ወሰድኩ። ከተሞቹን የመረጠው አባባ ራሱ ነው። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከብራስልስ ጀምሮ በጣቱ ቁልቁል ወረደና ኮልማር ላይ ቆመ። «ኮልማር ምን አለ?» ብለው «ውብ ነው ይላሉ» አለኝ።

እንዲህ ነው ጉዞ የጀመርነው። ጥቅምት ገብቶ ነበር።

መጀመሪያ ያረፍንበት ብሩዥ ነው። ያን ከተማ አይተሽው እንደሆነ እንጃ። ጎዳናው ውሃ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሲነሳ ቤቶቹ በአየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ፤ ከዚያ ጭጋግ ውስጥ ዳክዬ የሚመስሉ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን እንደ መጥረጊያ እጀታ ቀስረው ድምፅ ሳያሰሙ ብቅ ይላሉ። በየሰዓቱ የግንቡ ደወል ዜማ ይደውላል። አንድ ደወል አይደለም፤ መቶ ደወል ተሰብስቦ የሚዘምር ነው የሚመስለው። አባባ ውሃው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ተኛ ብዬ ልቀሰቅሰው ስል «አልተኛሁም፣ እያሰብኩ ነው» ይለኛል። በምንሄድበት ጠዋት ሻንጣ ዘግቼ ብጠብቀው ባርኔጣውን ሳያደርግ ወጣና «አንድ ቀን እንጨምር» አለኝ።

ጨመርን። ጌንትም ስንደርስ እንዲሁ። ጣሪያቸው እንደ ደረጃ የተሠራ ቤቶች ፊት ለፊት ቆሞ እየቆጠረ፣ ያየውን ደግሞ እያየ፣ ልንሄድ ስንል «አንድ ቀን እንጨምር»። እኔ ደስ አለኝ። ከትንሽነቴ ጀምሮ አባቴን ለብቻዬ አግኝቼው አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ወይ ሥራ ላይ ነው፣ ወይ እንግዳ አለው። አሁን እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሰዓት የሚጠብቀን የለም።

ከብራስልስ ቁልቁል ሲኬድ ባቡሩ ጫካ ውስጥ ይገባል። ዛፉ ሁሉ እሳት የያዘው ነበር፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ የበሰለ ቡና መልክ። ወንዙ ከባቡሩ ጋር አብሮን ይሮጥና ድልድይ ስር ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። እኔ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፤ ሕልም የቱ ጋ እንዳበቃ፣ መስኮቱ የቱ ጋ እንደጀመረ መለየት ያቅተኛል። ቲኬት ተቆጣጣሪው ሲመጣ ግን አባባ ብድግ ይላል። ቲኬቱን በሁለት እጁ ነው የሚያቀብለው። አንዱ ተቆጣጣሪ አፍሮ «ይቀመጡ እንጂ» አለው በፈረንሳይኛ፤ አባባም በፈረንሳይኛ መለሰለት፤ ሰውየው ሥራውን ረስቶ አጠገባችን ተቀመጠ። አባቴ ፈረንሳይኛ ሲናገር ሌላ ሰው ይሆናል። ይስቃል። እጁን ያወናጭፋል። ይህ ሳቂታ ወጣት የት ነበር እስካሁን? እያልኩ አየሁት።

ሉክሰምበርግ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ባቡሩ ከፍ ባለ ድልድይ ላይ ሲያልፍ ታች ሸለቆው ውስጥ የጓሮ አትክልት፣ ዱባ፣ የሰው ልብስ ተሰጥቶ ይታያል። ወደዚያ ወረድንና ወንዙን ይዘን ቀስ እያልን ስንሄድ «ድሬዳዋ ደስ ይልህ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ዱላውን መሬት ላይ እያንኳኳ ብዙ ከሄደ በኋላ «ሰው ደስ ብሎት የኖረበትን ቦታ ጨርሶ መጥራት አይወድም» አለኝ። እዚያም አንድ ቀን አከልን።

ሜትዝ ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያን ድንጋዩ የማር መልክ ነው። ውስጡ ስንገባ ፀሐይዋ በባለቀለሙ መስታወት ገብታ መሬቱን ቀይና ሰማያዊ አድርጋዋለች። አባባ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበና እዚያ ብርሃን ውስጥ ቆመ። ፊቱ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆነ። ብዙ ቆየ። ስንወጣ ክንዴን ያዘኝና «ሰው ዘግይቶ የሚያደርገው ነገር ዋጋ አለው ትያለሽ?» አለኝ። ይህን ጉዞ በወጣትነቴ ሳላደርግ ዘገየሁ ማለቱ መስሎኝ «አለው እንጂ! ምን ማለትህ ነው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ስትራስቡርግ ላይ ግን አስቸገረኝ። የመጨረሻው ጠዋት ቁርሱን ሳይነካ «እዚህ ይብቃን፣ እንመለስ» አለኝ። ደነገጥኩ። ታመምክ ወይ ብለው አልታመምኩም አለ። ደክሞህ ነው ወይ ብለው አልደከመኝም። «እንግዲያው ምን ሆንክ? ኮልማርን የመረጥከው አንተ ነህ፤ እዚህ አፍንጫችን ስር ደርሰን ሳናያት አንመለስም» ብዬ ተቆጣሁት። አባቴን ተቆጥቼው አላውቅም ነበር። እኔው ቲኬት ገዝቼ፣ እኔው ክንዱን ይዤ አሳፈርኩት። መንገዱን ሁሉ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ፣ ቢጫ ሆኖ ተራራውን የሞላውን የወይን ተክል አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ሳያይ ደረስን።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ትንሽ አርፌ ነው የቀጠልኩት። ከዚህ በኋላ ያለው ያንቺም ነገር ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ክፍሉን ከፍቼ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የካፖርቱን ቁልፍ እየጠመዘዘ ይጎትታል። «ምን እያደረግህ ነው?» ብለው «ላልቶ ነበር፣ ወደቀ» አለና ኪሱ ከተተው። መርፌና ክር አለኝ፣ አምጣ ልትከልልህ አልኩት። «የለም፣ ልብስ ሰፊ እንፈልግ» አለኝ። ለአንድ ቁልፍ ልብስ ሰፊ! እርጅና መጣበት ብዬ ተከተልኩት። ሰው ሳይጠይቅ ውሃውን ይዞ ሄደ፣ ድልድዩን ተሻገረ፣ ታጠፈ፤ ሱቅሽ በር ላይ ቆመ። ለካ መንገዱን ጋሽ ባህረዲን አስጠንተውት ኖሯል። እሳቸውም የሰሙት ከእህታቸው ልጅ ከመይሙና፣ ከልጅነት ጓደኛሽ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ግን በኋላ ነው።

በሩን እኔ ከፈትኩት። አንቺ መኪናው ላይ አቀርቅረሽ ትሰፊያለሽ። ቀና ብለሽ አባባን አየሽው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እንደገና አባባን። ብዙ አየሽው። ከዚያ ነው «እመቤቴ ድረሽ፣ ሐበሾች ናችሁ እኮ!» ብለሽ የተነሳሽው። ስትስሚን ጉንጭሽ ላይ ጠመኔ ነበረብሽ፤ እኔም ላይ ቀረ።

ካፖርቱን ተቀብለሽ ክሩን አገላብጠሽ አየሽና ፈገግ ብለሽ «አባባ፣ ይሄ ቁልፍ እኮ አልወደቀም፤ ተነቅሎ ነው» አልሽው። አባባ የተያዘ ተማሪ ይመስል መሬት መሬት አየ። አንቺም «ግድ የለም፣ አጠንክሬ እተክለዋለሁ» ብለሽ ተከልሽና ክሩን በጥርስሽ በጠስሽ። ከዚያ ሱቁን ዘግተሽ «ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም» ብለሽ ወደ ላይ ቤትሽ ወሰድሽን።

ምስር ወጥሽን እስካሁን እናነሳለን። በርበሬው ከየት ተገኘ ብልሽ ከድሬዳዋ ሰው ያመጣልኛል አልሽኝ። ስለ ሟቹ ባልሽ ነገርሽን፤ ፈረንሳዊ ቢሆንም ሲናደድ በአማርኛ ይሳደብ ነበር ብለሽ አሳቅሽን። አባባን «ስምዎን ማን ልበል?» ስትይው «ታደሰ» አለሽ። ሰምቼ ቀና ስል በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠኝ። እኔም አፌን ያዝኩ። ለምን እንደሆነ ባላውቅም አባቴ ነውና ያዝኩ።

አባትሽን ያነሳሁብሽ እኔ ነኝ። የምድር ባቡር ሰው ልጅ መሆንሽን ስትነግሪን «የኔም እኮ…» ልል ስል እግሬ እንደገና ተረገጠ፤ ዝም ላለማለት ያህል «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኩሽ።

«እኔ አላውቀውም» አልሽኝ። «ዳዴ ስል ነው የሞተው። ጎርፍ ሐዲዱን በበረሃው መሀል ወስዶት ነበር አሉ። ባቡሩ ሰው ሞልቶ እየመጣ ነው። ፋኖሱን ይዞ እየጮኸ በሐዲዱ ላይ ሮጠ። ባቡሩ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ተረፈ፤ እሱን ግን ጎርፉ ወሰደው። እናቴ እንዲህ ብላ ነው ያሳደገችኝ።»

ይህን ስትነግሪኝ ዓይንሽ እኔ ላይ አልነበረም። አሁን ነው ያስታወስኩት። አባባን ነበር የምታዪው።

አባባ ዳቦውን አስቀመጠ። «ጎበዝ ሰው ነበር ማለት ነው» አለ። ቆይቶ ደግሞ «እናትሽ አላዘነችበትም?» አለሽ። አንቺም «እናቴ የወርቅውሃ በሱ ላይ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። እስክትሞት ድረስ ‹የባቡር ሰው ይዘገያል እንጂ አይቀርም› ትል ነበር» አልሽው። ብድግ ብሎ መስኮቱ ዘንድ ሄደ። ታች ውሃው ላይ ቅጠል ይንሳፈፍ ነበር፤ ያንን ማየት ጀመረ። አንቺ ደግሞ ምስሩን በዳቦ ጠቅልለሽ ይዘሽለት ሄድሽና፣ ከጀርባው ቆመሽ ጠበቅሽው፤ ሲዞር አጎረስሽው። ለረጅም ጊዜ አላመጠ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «በርበሬው ነው» አለን።

ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘሽን። ሻንጣውን ከእጄ ነጥቀሽ ተሸከምሽ። ባቡሩ ሲገባ ጎንበስ ብለሽ ጉልበቱን ሳምሽ፤ እሱ ሁለት እጁን ራስሽ ላይ ጭኖ መረቀሽ። «እደጊ» አለሽ፣ «እደጊልኝ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ፣ እደጊ»። ልጇ ወታደር ለሆነ ሴት እደጊ ይባላል? ተምታታበት ብዬ አፈርኩ፤ ላንቺም ይቅርታ ልጠይቅልሽ ነበር። አንቺ ግን አልሳቅሽም። «አሜን» ነው ያልሽው፣ በያንዳንዱ ላይ «አሜን»።

ወደ ባዝል የሚሄደው ባቡር ተነቃነቀ። አንቺ መድረኩ ላይ ቆመሽ እያነስሽ እያነስሽ ሄድሽ። አባባ መስታወቱ ላይ መዳፉን ለጥፎ እስክትጠፊ አየሽ። ከዚያ ሳይዞር «ልጄ ናት» አለኝ።

እህቴ፣ ይኸው ጻፍኩት። ያ ፋኖስ ይዞ ሮጠ የተባለልሽ ሰው እዚህ ኦክላንድ ነው። ስሙ ታደሰ አይደለም፣ መንገሻ ነው። የኔም አባት ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?» አልኩት ባቡሩ ውስጥ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ሰው ዞሮ አየን። «እናቷ የሠራችላት አባት ከኔ ይሻላል» አለኝ። «እሱን ቀምቼ እኔን ብሰጣት ምን ትጠቀማለች?» ባዝል እስክንደርስ ወይኑ፣ ሸንበቆው፣ ነጫጭ መንደሮቹ እንደ ሌላ ሰው ሕልም በፊታችን አለፉ።

ቤታችን ከገባን በኋላ አኮረፍኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተቆጣሁት ለእናቴ ነበር። ከዚያ ለራሴ ሆነ። ልጅ ሆኜ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ «እህት ስጪኝ» ብዬ እለምን ነበር። ፀጉር የምትጎነጉንልኝ፣ ምስጢር የማካፍላት አጥቼ ከአሻንጉሊት ጋር ነው ያደግኩት። እሱ ደግሞ እህት እንዳለችኝ እያወቀ ሌሊት ሌሊት እዚያው ቤት ይተኛ ነበር። ምግቡን አቅርቤለት ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሳላናግረው እተኛለሁ። እሱም ባርት መሳፈሩን ተወ። በመጨረሻ ፅጌረዳ በእንግሊዝኛዋ «አያቴን ለምን አታናግሪውም? ምን አደረገሽ?» ብላ አፋጠጠችኝ። ለኔ ምንም አላደረገኝም። ለኔማ ጥሩ አባት ነበር። ያ ነው ያሳዘነኝ፤ ያንቺን ድርሻ ጨምሮ ለኔ ሰጥቶኝ ኖሯል።

ከገና በፊት ወደ ሳን ሆዜ፣ ጋሽ ባህረዲን ዘንድ ስወስደው መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ «ለምን ተውካቸው?» አልኩት። አልሸሸኝም። ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ወላጆቹ እናቴን አጭተውለት ቆዩት። ለየወርቅውሃ ተመልሼ እወስድሻለሁ ብሏት ነበር የወጣው። «አስገደዱኝ ልልሽ እችላለሁ፣ አላስገደዱኝም» አለኝ። «አባቴን እምቢ ማለት ፈራሁ። ከዚያ ዓመቱ አለፈ፤ ሲያልፍ ደግሞ በምን ፊቴ? እያልኩ ቀረሁ። ባቡሩ በየቀኑ ወደ ድሬዳዋ ይሄድ ነበር እኮ፤ ከቢሮዬ መስኮት አየው ነበር።» ዝናብ ነበር። መኪናውን ዳር አቁሜ አቀፍኩት። ይቅር ማለት ያንቺ እንጂ የኔ አይደለም፤ እኔ ያቀፍኩት ስላረጀብኝ ነው።

የምጽፍልሽም ላሳዝንሽ አይደለም። አባትሽን ከጎርፉ አውጥቼ ደካማ ሽማግሌ አድርጌ መስጠቴ ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም። እናትሽ የነገረችሽን ማፍረስም አልሻም። ግን የእናትሽ ያ ቃል ሌት ተቀን ይመላለስብኛል። ለሞተ ሰው ይዘገያል ይባላል ወይ? መይሙናስ ትጽፍልሻለች? ቀድመሽ ታውቂ ነበር ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺ ዝምታውን ባትፈልጊው ያን ያህል ዝም ብለሽ አታጎርሺውም ነበር ብዬ አሰብኩ፤ እዚያው ላይ ተውኩት።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አባባ ገባ። ዝናቡ መትቶታል። ካፖርቱን ሰቅሎ «ለማን ነው?» አለኝ። ለመደበቅ አልቻልኩም። «ለእህቴ» አልኩት። ቆመ። ከዚያ ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠና «ምን ብለሽ ጻፍሽላት?» አለኝ። ሁሉንም አልኩት። «የፈራሁትንም?» አለኝ። የፈራኸውንም አልኩት። ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ዘረጋ። «ደህና አድርገሻል» አለ። «ከታች ቦታ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። መነጽሩን ሊያመጣ ክፍሉ ገብቷል፤ እስኪመለስ እኔ ልጨርስ።

እህትዬ፣ በጋ ሲሆን ልትመጪ ብትፈልጊ ቤታችን ትንሽ ብትሆንም ለአንቺ አትጠብም። ባትፈልጊም አልቀየምሽም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደህና ነኝ ብትይኝ ይበቃኛል። ልጅሽን በሰላም ይመልስልሽ። እጅሽን ይባርከው፣ ዓይንሽን አይንሳሽ። እናትሽን የወርቅውሃን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ የኔንም እናት አብረሽ አስቢልኝ። አምላክ በቸር ያገናኘን።

እህትሽ

ልጄ ሆይ፤
ያነበብሽ ዕለት ብትቆጪም እውነት አለሽ። ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊልኝ።
አባትሽ